የተረፈው የካምቢዮ ዘይት

ሞኝነቴን ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ። የመንግሥት ጋራዥ በተቀጠርኩ በሦስተኛው ሳምንት የአንድ ፒክአፕ የካምቢዮ ዘይት ቀይር ተባልኩ። ቱታዬ አዲስ ነው፣ ልቤም አብጧል። ከሥር ገባሁ፣ መጀመሪያ ያገኘሁትን ታፖ፣ ማለትም የዘይት መክደኛ ቡሎን፣ ፈታሁ፣ ጥቁሩን ዘይት አፈሰስኩ፣ ታፖውን ዘጋሁ። ከዛ የካምቢዮውን መሙያ ከፍቼ አዲሱን ዘይት ብጨምር ብጨምር አልገባ አለኝ፤ እየተመለሰ አንገቴ ውስጥ ይፈሳል። ለመንግሥት ዘይት ቆጠብኩለት ብዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ለካ ያፈሰስኩት የሞተሩን ነው። ሹፌሩ አስነስቶ ሲወጣ ቀዩ መብራት በርቶበት በመስኮት ይጮሃል፤ እኔ የሚሰናበተኝ መስሎኝ እጄን አውለበልባለሁ።

ይሄንን ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም አውርቼዋለሁ። ለቅሶ ላይ እንኳ ሰው ስቆበታል። ሌላ የካምቢዮ ዘይት ታሪክ ግን አለኝ፤ እሱን ለሚስቴም አውርቼ አላውቅም። በቅርቡ በቦርድ ከሥራ ወጣሁ። ወገቤ ከኔ በፊት ጡረታ ጠየቀ፣ ሐኪሞቹም ከኔ ይልቅ እሱን አመኑት። ገና ሃምሳን ባልፍ ነው። ቤት ቁጭ ስል ታዲያ ፊቴ የሚመጡት የጠገንኳቸው መኪናዎች አይደሉም። አንዲት ቀይ መኪና ብቻ ትመጣለች። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ።

የተወለድኩት ገረሴ ነው። አርባ ምንጭ የወረድኩት ለትምህርት ነበር፤ እኔ ትምህርቱን ሳልተወው እሱ ተወኝ። በጋሞኛ እያሰብኩ በአማርኛ ስናገር መኪናን አንዴ እሱ አንዴ እሷ ስለምል የጋራዡ ሰው ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። እኔም የሚስቅ ሰው ካየሁ ሌላ ነገር አልፈልግም፣ እጨምርለታለሁ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፣ እሱን እንተወው። አለቆቹም ብዙ ናቸው። አንዱ ለአንድ እፍኝ መጥረጊያ ጨርቅ በሦስት ኮፒ ያስፈርመን ነበር። እጃችንን የምንጠርገው በቅጹ ነው፣ ጨርቁ እስኪመጣ። ሌላው ካምባ የሚባል ሩቅ ወረዳ አንድ ግሬደር ተበላሽቷል ብሎ ለሦስት ቀን ልኮኝ ሦስት ወር ረስቶኛል። ስመለስ "አንተ ማን ነበርክ?" አለኝ።

ሥራ ያስተማረኝ ግን ከአለቆቹ አንዱም አይደለም። ጋሽ አንጁሎ ነው። የዶርዜ ሰው፣ የሸማኔ ልጅ፣ ከወንድሞቹ ሁሉ እሱ ብቻ ድሩን ትቶ ብረት የያዘ። "አንቱ" ሲሉት "ስንት ነኝ እኔ?" ብሎ ስለሚቆጣ በአባቴ ዕድሜ ሆኖ "አንተ" ነበር የምለው።

ጋሽ አንጁሎ የካምቢዮ ዘይት ሲቀይር ብታዩት መኪናውን የሚያክም ሳይሆን የሚጠይቀው ነው የሚመስላችሁ። መጀመሪያ ራሱ አሥር ደቂቃ ያህል ይነዳዋል። "የቀዘቀዘ ዘይት ቆሻሻውን ውስጥ ትቶ ብቻውን ነው የሚወጣው። የሞቀው ግን ጠራርጎ ይወጣል" ይላል። ከዛ ከማፍሰሻው በፊት መሙያውን ይፈታል፣ ሁልጊዜ። "ካፈሰስክ በኋላ መሙያው አልፈታም ቢልህስ? ባዶ ካምቢዮ ይዘህ ልትዘምር ነው?"

ከቤት የሚያመጣው ቁራጭ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ኪሱ አይጠፋም። ከፈሰሰው ዘይት በጣቱ ያነሳና ጨርቁ ላይ ይቀባዋል፣ ወደ ፀሐይ ይዞ ያነበዋል። ግራጫ ዱቄት ካየ ማርሹ ጥርሱን እየበላ ነው። ቢጫ ብልጭታ ካየ ደግሞ የማርሹ የነሐስ ቀለበት እያለቀ ነው፣ ሹፌሩ ማርሽ ሲያስገባ ይቸኩላል ማለት ነው። አንድ ጊዜ አይቶት የማያውቀውን ሹፌር ጨርቁን አይቶ "ግራ ጉልበትህን ያምሃል?" አለው። ሰውየው ደነገጠ። "ፍሪሲዮኑን እስከ ታች አትረግጥም፣ ነሐሱ ነገረኝ" አለው። ሹፌሩ ከዛ ቀን ጀምሮ ጠንቋይ ነው ብሎ ይርቀው ነበር።

ከልማዶቹ ሁሉ እኔ የምቀልድበት የብርጭቆው ነገር ነው። የካምቢዮ መሙያ ቀዳዳ ያለው ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው። ዘይቱ ቀዳዳው አፍ ላይ ደርሶ መፍሰስ ሲጀምር ሞላ ማለት ነው። መኪናው ካጋደለ ግን ቀዳዳው ይዋሻል፤ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይከማችና ሳይሞላ ሞላሁ ይላል። ስለዚህ ጋሽ አንጁሎ ዘይት ከመጨመሩ በፊት የሻይ ብርጭቆ በውኃ ሞልቶ መኪናው ወለል ላይ ያስቀምጣል። ውኃው ከብርጭቆው አፍ ጋር እኩል ካልሆነ ዘይቱን አይነካም። እኔ ደግሞ "ጋሽ አንጁሎ መኪና ውኃ ያጠጣል" እያልኩ ጋራዡን ሙሉ አስቅበት ነበር።

"ሳቅ" ይለኛል። "ታፖ ሲከፈት ግን አፍህን ዝጋ። አፍና ታፖ እኩል ከተከፈቱ አንዱ ይረሳል።"

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው፣ አቶ ታደለ የሚባሉ ሰው ጋራዥ መጡ። ቤታቸው ሴቻ፣ የአርባ ምንጭ ላይኛው ከተማ ነው፣ ዕድሜያቸውን በመንገድ ቅየሳ የጨረሱ፣ ድምፃቸው ለስላሳ። ባለሁለት በር፣ ዝቅ ያለች፣ ቀይ የስፖርት መኪና ነበረቻቸው። አብረዋቸው የሠሩ ፈረንጅ መሐንዲስ አገራቸው ሲገቡ ትተውላቸው የሄዱት ነው። ከተማው "ሚጥሚጣ" ይላታል። እሑድ እሑድ ከሴቻ ታችኛው ከተማ ሲቀላ ቸርች ደርሳ ትመለሳለች፣ በቃ። ሲቀላ ስትገባ ሕፃን ብቻ አይደለም የሚሮጠው፣ እኔም ሮጫለሁ።

አቶ ታደለ ብቻዬን ወደ ጎን ወሰዱኝ። "ማርቆስ፣ ልጄ ምሕረት ልታገባ ነው። ባሏ የጨንቻ ልጅ ነው። ቤተክርስቲያን ካበቃ በኋላ እኔው ራሴ ነድቼ ጨንቻ ላደርሳት እፈልጋለሁ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ የልጅቷ አባት እኮ ከሙሽራ ጋር አማች ቤት አይሄድም" አልኩ።

ሳቁ። "ሽማግሌዎቹም እንደዚህ አሉኝ። እኔ ምን አልኳቸው መሰለህ? እንደ አባት አይደለም የምሄደው፣ እንደ ሾፌር ነው። ሾፌር ይከለከላል? አልኳቸው። ተመካከሩ፣ ተሳሳቁ፣ ሾፌር ከሆንክ ሂድ አሉኝ።"

ከዛ መነጽራቸውን አወለቁና ማንም እንዳይሰማ ዝቅ ብለው የነገሩኝን አልረሳውም። ዓይናቸው እየሄደ ነው። ሐኪሙ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ዓመት ትነዳለህ፣ ከዛ በኋላ ግን መሪ እንዳትይዝ ብሏቸዋል። ምሕረት አታውቅም። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ሁለቱ ብቻ ናቸው። "አንድ ጥሩ መንገድ ከሷ ጋር ልሂድ ነው የምልህ" አሉኝ። "የካምቢዮው ዘይት ከተቀየረ ዘመን የለውም። ያን ሁሉ ዳገት እንዲሁ ላስወጣት አልፈልግም። ግን ከግቢ አትወጣም፣ እዛው ቤት ይሠራልኝ።"

ለጋሽ አንጁሎ ነገርኩት። እሱ በዛው ሳምንት ግሬደር ሊጠግን ካምባ ሊሄድ ነው። "ቅዳሜ እመለሳለሁ፣ አብረን እንሠራዋለን። ሠርጉ እሑድ አይደል? ይደርሳል" አለ። እኔ ግን ያንን ግቢ፣ ያቺን መኪና፣ የሠርግ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ሲያየኝ በሐሳቤ አየሁት። ከጋሽ አንጁሎ ጋር ከሄድኩ እኔ መብራት ያዥ ነኝ። ብቻዬን ከሄድኩ ግን መካኒክ ነኝ።

"ሐሙስ እጨርሰዋለሁ፣ አንተ አትቸኩል" አልኩት።

 ከመሳሪያ ሳጥኑ ብርጭቆዋን አውጥቶ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። "እንግዲያው ይዘሃት ሂድ" አለኝ። ኪሴ ከተትኳት።

ሐሙስ ጠዋት ስደርስ ግቢው ሞልቷል። የአቶ ታደለ እኅት እትዬ አማረች ከገረሴ ዘመዱን ሁሉ ጭነው ወርደዋል። ሽንኩርት የሚከትፈው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ዝም ብሎ የሚያዘው፣ ሁሉም አለ። እኔ በጋሞኛ "ሳሮ!" ብዬ ሰላምታ እየሰጠሁ ስገባ የአገራቸው ልጅ መሆኔን አወቁና አለቀልኝ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የግቢው ቀልደኛ ሆንኩ።

ሥራውን በወጉ ጀመርኩ፣ እሱን ልመስክር። ነድቼ አሞቅኳት። ግን ከሥሯ መግባት አልተቻለም፣ ሆዷ መሬት ነው የሚልሰው። ጋራዥ ቢሆን ጉድጓድ አለን። እዚህ ሁለት ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ አመጣሁና የፊት ጎማዎቿን ድንጋዩ ላይ አወጣኋቸው። የሴቻ ግቢ ደግሞ ድሮም ወደ ሐይቁ ያጋደለ ነው፣ እሷም ፊቷን ወደ ዳገቱ አዙራ ነው የቆመችው። ያጋደለው ሳያንስ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ሰቀልኩት።

መሙያውን መጀመሪያ ፈታሁ። ከዛ ማፍሰሻውን። እንደ ቡና ዝቃጭ የጠቆረ ዘይት ወጣ። ጨርቁ ላይ ቀብቼ ለእትዬ አማረች አሳየኋቸው።

"ምን ይላል?" አሉኝ።

"ሙሽራው ጥሩ ልጅ ነው ይላል፣ ግን ያንኮራፋል።"

ሳቅ! እትዬ አማረች የያዙትን ሰፌድ ጣሉ። ምሕረት በረንዳው ላይ ፀጉሯን እየተሠራች ነበር፣ "እሱንስ ማን ነገረው?" ብላ ጮኸች። ሌላ ሳቅ። እኔ አለቀልኝ በቃ። ታፖው ክፍት ነው፣ አፌም ክፍት ነው።

አዲሱን ዘይት ለመጨመር ደግሞ ትርኢት ሠራሁ። ግቢው ውስጥ ያለ የማንጎ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ማንቆርቆሪያ አንጠለጠልኩ፣ ከሱ በላስቲክ ቱቦ ወደ ካምቢዮው ዘረጋሁ። ዘይቱ ቀስ እያለ ይወርዳል። አንዱ አጎት "ግሉኮስ ሰቀለላት!" አለ። እኔም እንደ ሐኪም የመኪናዋን መስታወት እየነካሁ "እስቲ ምላስ አሳዪኝ" አልኩ። ሕዝቡ ሥራውን ትቶ ከበበኝ። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው አዳምጦኝ አያውቅም።

መሐል ላይ ብርዝ መጣ። ብርጭቆ አነሰ። እኔ ከኪሴ የጋሽ አንጁሎን ብርጭቆ ምዝዝ አድርጌ "የራሴን ይዤ ነው የምዞረው" አልኩ። ተሳቀ። ያቺን ብርጭቆ በብርዝ ሞልተውልኝ ጠጣሁባት። ውኃ የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ።

ወዲያው ዘይቱ ከመሙያው ቀዳዳ መንጠባጠብ ጀመረ። "ጠገበች!" አልኩና ታፖውን ዘጋሁ።

አቶ ታደለ ሁሉንም ቆመው ሲያዩ ነበር። የመኪናዋን መጽሐፍ በእጃቸው ይዘዋል፣ በአጉሊ መነጽር ነው የሚያነቡት። ሁለት ባለ አንድ ሊትር ቆርቆሮ ዘይት ነበር የገዙት። አንዱ አልቋል። ሁለተኛውን አንስተው አወዛወዙት።

"ማርቆስ፣ መጽሐፉ ሁለት ሊትር ይላል። ይሄ ከግማሽ በላይ አለበት። ለምን ተረፈ?"

ልብ በሉ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ጋሽ አንጁሎ እንኳ ከዚህ የተሻለ አይጠይቅም። መልሱም ቀላል ነበር፤ ጋሼ፣ መኪናዋ አጋድላለች፣ አውርጃት ልይ ማለት ነው። አንድ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እኔ ግን የመለስኩት ለአቶ ታደለ አልነበረም፣ ለሕዝቡ ነበር።

"ጋሼ፣ የሙሽራ መኪና አይደለች? ሙሽራ ሰው ፊት ብዙ አትበላም!"

ግቢው ፈነዳ። እትዬ አማረች እጄን ይዘው ሳሙኝ። ምሕረት ፊቷን ሸፍና ሳቀች። አቶ ታደለ ሌላ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ልጃቸው ስትስቅ አዩና እሳቸውም ፈገግ ብለው ቆርቆሮውን አስቀመጡት። ቆጮና ዳጣ ቀርቧል፣ ግባ ተባልኩ፣ ገባሁ። መኪናዋን ከድንጋዩ ያወረድኳት ከበላሁ በኋላ ነው። ሜዳ ላይ ወስጄ መሙያውን ደግሜ ልፈትሽ ይገባ ነበር። አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። ዘይቱ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ቀዳዳው ዋሽቶኝ ሊሆን እንደሚችል ድንጋዩን ሳነሳ ልቤ ነግሮኛል። ግን ታጥቤ ነበር። ሰው ሁሉ መካኒኩ ጨርሷል ብሏል። እንደገና ከሥር ብገባ አልጨረሰም ይሉኛል ብዬ አፈርኩ።

ጋሽ አንጁሎ ቅዳሜ አልተመለሰም፣ ግሬደሩ ያዘው።

እሑድ ቤተክርስቲያን አለቀ፣ ጉዞ ተጀመረ። ከፊት ሚጥሚጣ፤ አቶ ታደለ በጥቁር ሱፍ መሪ ይዘው፣ ምሕረት በነጭ ቀሚሷ ከጎናቸው። ሙሽራው "ለአንድ ሰዓት ለአባቷ መልሼ ሰጥቻታለሁ" ብሎ ከሚዜዎቹ ጋር በሌላ መኪና ሆነ። እኛ ከኋላ በአይሱዙ ጭነት ላይ ቆመን እንዘምራለን። አስዘማሪው ማን ነው? እኔ ነኛ።

የዶርዜ ዳገት ያኔ ጠጠር ነው፣ ጥምዝ በጥምዝ። አቶ ታደለ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብለው ነበር የሚወጡት። በኋላ መስታወቷ በኩል ሲያወሩ ይታየኛል። አባት በእጁ እያሳየ ያወራል፣ ልጅቷ ወደሱ ዞራለች። እዛ ዳገት ላይ ቁልቁል የአርባ ምንጭ ሁለቱም ሐይቆች ይታያሉ፤ ከአባትና ከልጅ ግን አንዳቸውም ወደ ሐይቅ አያዩም።

ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ሰማሁት። ቀጭን ፉጨት የመሰለ ጩኸት ነው። ሌላ ሰው አይለየውም፣ መካኒክ ግን ጥርሱ ሥር ይሰማዋል። ዘይት ያጣ ኩሽኔታ ነው። አፍንጫዋ ወደ ላይ ስለሆነ ያለችውም ዘይት ወደ ኋላ ሄዳለች፣ የፊተኛው ኩሽኔታ ደረቅ ብረት በደረቅ ብረት እየተፋጨ ነው። ያኔ የአይሱዙውን ጣሪያ መትቼ ባስቆም፣ ሮጬ ባስቆማት፣ ያቺን የተረፈች ዘይት ከቤት አምጥቼ ብጨምርላት ምናልባት ትተርፍ ነበር።

ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። "መዝሙሩን ከፍ አድርጉት!" አልኩ። ከፍ አደረጉት። ጩኸቱ ጠፋ። ለሁለት ጥምዝ ያህል ምንም አልሰማሁም።

ከዛ ሚጥሚጣ አንድ ጊዜ ተንገራገጨች፣ ከሥሯ ጓ የሚል ነገር ሰማን፣ ቆመች። የተቃጠለ ዘይት ሽታ እኛ ጋ ድረስ መጣ። ወርጄ ሮጥኩ። ማርሹ ነክሶ ቀርቷል፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይልም። አቶ ታደለ ፍሬን ስበው ወረዱ፣ ዞረው ለልጃቸው በር ከፈቱላት። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም።

"አይዞሽ። ሙሽራ መንገድ ላይ አይቆምም። በይ ከባልሽ ጋር ግቢ" አሏት።

"አባዬ አንተስ? ና ከኛ ጋር!"

"እኔ ሾፌር አይደለሁ? ሾፌር መኪናውን ጥሎ አይሄድም።"

ሁላችንም ሳቅን። ምሕረት ብቻ አልሳቀችም። ያኔ ነው የገባኝ፤ መኪናዋ ከቆመች እሳቸው ሾፌር አይደሉም፣ አባት ናቸው። አባት ደግሞ አማች ቤት አይሄድም። ያቺ መኪና ነበረች ፈቃዳቸው።

"ጋሼ፣ እኔ ልቆይ፣ እርስዎ ይሂዱ" አልኩ።

"የለም፣ አንተ ሂድ፣ እንግዶቹን አጫውትልኝ" አሉኝ። በፍቅር ነው ያሉኝ። እኔም ምን ባደርግ ጥሩ ነው፣ ሄድኩ። ጨንቻ ደርሼ በላሁ፣ ሰው አሳቅሁ። እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከቀይ መኪናቸው ጋር ቀሩ። ስንመለስ አመሻሽ ላይ ኮታቸውን ሞተሯ ላይ አልብሰው እዛው ነበሩ።

ሰኞ ጋሽ አንጁሎ መጣ። ጎትተን አወረድናት፣ ግቢያቸው ውስጥ ካምቢዮውን አውርደን ከፈትነው። ጋሽ አንጁሎ ማርሾቹን አንድ በአንድ ነጩ ጨርቅ ላይ ደረደራቸው። የፊተኛው ኩሽኔታ ሰማያዊ ሆኖ ነዷል፣ ኳሶቹ ተሰባብረው ማርሹ ውስጥ ገብተዋል። የኋለኛው ግን እንደ አዲስ ያበራል። ጋሽ አንጁሎ የፊቱን አየ፣ የኋላውን አየ፣ የግቢውን ቁልቁለት አየ፣ ከዛ እኔን አየኝ። መጠየቅ አላስፈለገውም።

አቶ ታደለ ከኋላችን መጥተው ቆሙ። "ምንድነው ነገሩ?" አሉ።

 ጋሽ አንጁሎ መልሱን ለኔ ተወው።

"ኩሽኔታው ነው ጋሼ። አርጅቷል፣ ዕድሜ ነው" አልኩ።

 አቶ ታደለ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "አመሰግናለሁ ማርቆስ" ብለው ገቡ። ለምን እንዳመሰገኑኝ አልገባኝም።

ወደ ሲቀላ ስንወርድ ጋሽ አንጁሎ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ከዛ "ለሳቸው ያልከውን ለኔ እንዳትደግምልኝ" አለኝ። "ሄደህ እስክትነግራቸው እጠብቃለሁ።" ጠበቀኝ። በየሳምንቱ ሲያየኝ ገና እንዳልነገርኳቸው ያውቃል። ሳይሰማ ነው የሞተው።

ለሚጥሚጣ ማርሽ አዲስ አበባም ተፈልጎ አልተገኘም። አቶ ታደለም ከዛ ቀን በኋላ መሪ አልያዙም። የምሕረት ባል የራሱን ፒክአፕ አምጥቶ "አባባ፣ እስቲ ምሕረትን ይዘው ዞር ዞር ይበሉ" ሲላቸው እኔ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ "በቃኝ" አሉት። ኩራት ነው፣ ከሚጥሚጣ ሌላ አይነዱም ብዬ አሰብኩ። ዓይናቸው ጨርሶ ሳይጠፋ ገና ሁለት ዓመት ያህል ያዩ ነበር።

እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ። ገረሴ ተመደብኩ፣ ካምባ ተመደብኩ፣ ተመልሼ የጋራዡ ፎርማን ሆንኩ። ከሥሬ ላሉት የብርጭቆውን ነገር አስተማርኩ፣ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም። ቀልዴንም አልተውኩም፣ ውሸት አላወራም። ታፖ ሲከፈት ብቻ ዝም እላለሁ። ሰዎች ጸሎት ላይ ነው ይሉ ነበር።

በቦርድ በወጣሁ በሳምንቱ ወደ ሴቻ ወጣሁ። አቶ ታደለ ዛሬም በሕይወት አሉ፣ ሰማንያን አልፈዋል፣ ምንም አያዩም። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ራዲዮ ይሰማሉ። "ጋሼ፣ ማርቆስ ነኝ" አልኩ።

"ድምፅህ ወፍሯል" አሉኝ። "ሆድህም ይሆናል።"

ልቀልድ አልኩ፣ አልመጣልኝም። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ድንጋዩን፣ ግቢው ያጋደለ መሆኑን፣ ዘይቱ ለምን እንደተረፈ፣ ዳገቱ ላይ ሰምቼ መዝሙሩን ማስጮሄን፣ ኩሽኔታው አርጅቷል ብዬ መዋሸቴን። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ራዲዮውን በዳበሳ ፈልገው ዘጉት።

"እኔ እኮ ድንጋይ የመታሁ መስሎኝ ነበር" አሉ በመጨረሻ።

"የምን ድንጋይ ጋሼ?"

"ከሥሯ ጓ ሲል። ጥምዙ ላይ ድንጋይ ነበረ፣ አላየሁትም፣ ልጄን ይዤ ድንጋይ ላይ ወጣሁ አልኩ። አንተ ኩሽኔታ ነው ስትለኝ ደግሞ ይሉኝታ ይዞት ነው፣ ሽማግሌው እንዳያፍር ብሎ ነው አልኩ። ስለዚህ መንዳቱን ተውኩት። ምሕረት ንዳ ስትለኝ፣ ባሏ ንዳ ሲለኝ፣ ሰው እገድላለሁ ብዬ ፈራሁ።"

ይቅርታ ልል ስጀምር እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው እንዲህ አሉኝ፦

"ያን ቀን እንግዲህ ዓይኔ ደህና ነበር ማለት ነዋ።"